እስከ ክርን የራሰ አፈር

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጂንካ

መናኸሪያው በጉም ተውጧል። ከአምስት እርምጃ ወዲያ ሰው ሁሉ ጥላ ነው። ቅንድቤን ስነካው ጣቴ ረጠበ። ለተማሪዎቼ ዘወትር እንደምነግራቸው ጉም መሬት የነካ ደመና ነው፤ የጂንካ ሰው በማለዳ ደመና ውስጥ ገብቶ ዳቦ ይገዛል ማለት ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ከአንድ ፀጉር ውፍረት በብዙ ታንሳለች። ከቅለቷ የተነሳ አየሩ ደግፎ ያቆያታል፤ ቶሎ አትወድቅም።

"ቲቸር፣ ጠብታውን ሌላ ቀን ትቆጥራለህ፤ ግባ!" አለኝ የቅጥቅጡ ሹፌር። የዓሪ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል ይባላል። ዛሬ እንኳ የሚታየው ነገር ስለሌለ ያው ነው።

አብሮኝ የሚጓዘው ጋይቶ ይባላል። በትምህርት ቤታችን ሒሳብ ያስተምራል፤ የሐመር ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኦይታ ከዲመካ ወዲያ ማሽላ ያርሳል። በመጀመሪያው ዝናብ የዘራውን ከበቀለ በኋላ ፀሐይ አቃጠለው። አሁን የቀረው አንድ ቅል ዘር ብቻ ነው። ጋይቶ ይህን ሲነግረኝ፣ "ደመና የማስተምር ሰው እያለ? አብሬህ እሄዳለሁ" ብዬ ተነሳሁ።

3 ሰዓት፣ ቀይ አፈር ከተማ

የገበያ ቀን ነው። የማር ቅል፣ የማንጎ ክምር፣ ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ የተቀቡ የበና ሴቶች። ጣሪያችን ላይ ሁለት ፍየሎች ተጫኑ። ጉሙ የለም፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል።

አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ሲጀምር አቧራው በመስኮት ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ አፉን ሸፈነ፤ እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። የውሃ ተን ዝም ብሎ ጠብታ አይሆንም፤ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። አቧራ፣ ጭስ፣ ከባሕር የተነሳ የጨው ብናኝ። በእያንዳንዷ የደመና ጠብታ ልብ ውስጥ እንዲህ ያለች ቅንጣት አለች።

"እንግዲያው ዝናቡን የማዘንበው እኔ ነኛ!" አለ ሹፌሩ፤ ነዳጁንም ረገጠው። ጣሪያ ላይ ያሉት ፍየሎች ጮኹ።

9 ሰዓት፣ የኦይታ ማሳ

ከዲመካ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ኦይታ ረጅም ነው፤ ለመቀመጫም ለትራስም የምትሆነው በርጩማው ከእጁ አትለይም። አማርኛውን የለመደው ገበያ ላይ ነው። ሚስቱ ቡኖ የፈላ የቡና ገለባ በቅል ሰጠችን። በስተምዕራብ ደመና እየተቆለለ ነበር፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ አናቱ እንደ ጥጥ ፈክቷል።

ባዶ ሃይላንድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨመርኩ፣ የክብሪት ጭስ አስገባሁ፣ ክዳኑን አጠበቅሁ። ጠርሙሱን ጨመቅሁና ለቀቅሁት። ውስጡ ነጭ ሆነ። ስጨምቀው ጠፋ፤ ስለቀው ተመለሰ።

ቡኖ ተቀብላኝ ደጋግማ ሞከረችው። በሐመርኛ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች።

"'ትንሽ ናት፣ ግን ደመና ናት' ትላለች" አለ ጋይቶ።

ልቤ አበጠ። ወደ ምዕራብ እያመለከትኩ፣ "ያኛውም እንዲሁ ነው። ዛሬ ይዘንባል። ዝሩ" አልኩ። ቡኖ ተነስታ የዘሩን ቅል ከተሰቀለበት አወረደች።

"ቆይ" አለ ኦይታ። በመቆፈሪያ እንጨቱ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ሲያወጣው ደረቅ አፈር ከጣቶቹ ረገፈ።

"አንተ ላይ ታያለህ። እኔ ታች አያለሁ" አለኝ። የእጁን አንጓ ነካ። "ባለፈው እርጥበቱ እዚህ ሲደርስ ዘራሁ። ቸኮልኩ።" ከዚያ ክርኑን መታ መታ አደረገ። "እስከዚህ ካልራሰ አንዲት ፍሬ ከቅሉ አትወጣም።"

ብዙም ሳይቆይ ከደመናው ሥር ግራጫ ጭራዎች ወረዱ። ዝናብ ነው! ጭራዎቹ ግን አየር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ከታች ያለው አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ጠብታዎቹ እየወረዱ ተነኑ። ይህንን አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ። ግን አላሰብኩትም።

"መንገድ ላይ ተጠጣ" አለ ኦይታ። ቡኖ ቅሉን መልሳ ሰቀለችው። ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ዛሬ ዝሩ አላልኩም። ከኦይታ ጋር ግራር ሥር ተቀምጠን ደመናውን አየን። ደመና እንዴት ዝናብ እንደሚሆን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ትንንሾቹ ጠብታዎች ብቻቸውን ዝናብ ለመሆን ዘመን ይፈጅባቸዋል። ከመካከላቸው ትንሽ የወፈረች አንዷ ቀድማ ትወርዳለች፤ በመንገዷ ሌሎቹን እየገጨች ትውጣለች፤ በዋጠች ቁጥር ትከብዳለች፣ ትፈጥናለች።

"እንደ ፍየል" አለ። "አንዷ ወደ ውሃ ካልወረደች ሌላው ቆሞ ያያል።"

በአሥራ አምስት ዓመት ትምህርት እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ነፋሱ ድንገት ቀዘቀዘ። የእርጥብ አፈር ሽታ ከሩቅ መጣ። የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ጀርባ ላይ አረፈች፤ ከበደችኝ። ትናንት ጂንካ ላይ ቅንድቤን እንዳረጠቡት ያሉ ሚሊዮን ያህል ጠብታዎች እዚህች ውስጥ አንድ ሆነዋል። የስንት መንገድ አቧራ፣ የስንት ጎጆ ጭስ! ሌላውን እጄንም ዘረጋሁ። ዝናቡ ደበደበን። ቡኖ ያለውን ዕቃ ሁሉ ደጅ ደረደረች፤ የእኔን ሃይላንድ ጭምር።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ኦይታ ማሳው ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠራኝ። "ቲቸር፣ የአንተን አግባ።"

ክንዴን አስገባሁ። አንጓዬ ቀዝቃዛ ነው። የክንዴ መሐል ቀዝቃዛ ነው። ትንፋሼን ይዤ ገፋሁ፤ ጣቶቼ የነኩት አፈር ተጨብጦ እንደ ሊጥ ቀረ። ክርኔ የጉድጓዱን አፍ ነካ።

"እርጥብ ነው" አልኩ። "እስከ ታች።"

ኦይታ ቡኖን ተጣራ። ቅሉን ይዛ ስትመጣ እየሮጠች ነበር። እሱ በእንጨቱ ይወጋል፣ እሷ ፍሬ ትጥላለች፣ አፈሩን በእግሯ ትመልሳለች። ጋይቶ ጫማውን አውልቆ ገባ። ጨርሰው ቅሉ ሲደፋ አንድም ፍሬ አልወደቀም።

10 ሰዓት፣ ወደ ጂንካ

ዲመካ ላይ የጠበቀን ያው ሹፌር ነው። መንገዱ ረጥቧል፤ አቧራ የሚባል የለም።

"እህስ ቲቸር፣ ዘነበ?"

እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ የደረቀውን ጭቃ አሳየሁት። ሳልታጠብ ነው የመጣሁት።

አየውና ራሱን ነቀነቀ። "አላልኩህም? አቧራውን የላክሁት እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ" አልኩት።