ከመመለስ የጾመው ጋሪ ነጂ

ዳንግላ ከተማ ውስጥ በይኸነው ጋሪ የሚሳፈር ሰው ከጓዙ ጋር ትዕግሥትም መያዝ ነበረበት። ጋሪው ጽዱ ነው፤ ዳማ የሚባለው ፈረሱ ብርቱ ነው፤ ይኸነውም ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ችግሩ ያለው ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ነበር። ጋሪው እዚያ ሲደርስ ዳማ ማንም ሳያዘው ወደ ግራ ይታጠፍና ተሳፋሪዎቹን እንዳሉ ይዞ ይኸነው ቤት በር ላይ ቀጥ ይላል።

"ደግሞ ምን ተገኘ?" ትላለች ነጭ ሽንኩርት በጆንያ ያስጫነች ሴት።

"በሩን መቆለፌን ልይ ብዬ ነው፤ አሁን እንሄዳለን እቴ።"

"ጠዋትም ካንተ ጋር ነበርኩ። ጠዋትም ተቆልፎ ነበር!"

"እሱማ የጠዋቱ ነው።"

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት ነው። አንድ ቀን እሳት ሳያጠፋ ወጥቶ የጓዳው ግድግዳ ትንሽ ተለበለበ። ሰው አልተጎዳም፤ ይኸነው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቱ ወጥቶ የወጣ አልመስልህ አለው። በሩን ያያል፣ እሳቱን ያያል፣ ይሄድና ተመልሶ ያያል። ከበሩ ሲላቀቅ ደግሞ ስጋቱ ወደ ጋሪው ጎማ ዞረ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወርዶ ብሎኑን በጣቱ ይነካል። ከጎማው ሲላቀቅ ስጋቱ ወደ ልጁ ወደ የምስራች ዞረ። የምስራች እንጅባራ ውስጥ አስተማሪ ናት። ኔትወርክ ደህና የሚሆንበት አንድ ሱቅ አለ፤ እዚያ ቆሞ "ደርሰሻል?" ይላታል። ገና ሚኒባሱ ሳይሞላ ደውሎ "ደርሰሻል?" ያላት ቀን ተሳፋሪው ሁሉ አብሯት ስቋል።

ዳማ ይህን ሁሉ ሲያይ ኖሮ በቃሉ አጠናው። የጌታውን ጭንቀት መንገድ ላይ እንደ ፌርማታ ተከለው፤ ወፍጮ ቤት፣ ድልድይ፣ ሱቅ። ይኸነው አንዳንዴ ምንም ሳያስጨንቀው እንኳ ፈረሱ ሲቆም "ምን ረስቼ ይሆን?" ብሎ ይጨነቅ ነበር።

የሥራ ባልደረባው ፋንታሁን በራሱ ጋሪ ሲያልፍ ሁሌም አንድ ቃል ወርውሮ ነው። "ዳማ ካንተ ይሻላል! እሱ ቢያንስ ሲመለስ ምክንያት አይደረድርም!"

ባለፈው ኅዳር መግቢያ ላይ የምስራች ከእንጅባራ መጣች። ሠርጓ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ተቆርጧል፤ ሥርዓተ ተክሊሉ እዚሁ ዳንግላ ይፈጸማል። አባትና እናቷ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ሲቀመጡ ሲነሡ እሷ ቀስ ብላ፣

"እኔን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደኝ ባጃጅ ነው" አለች።

ይህች ልጅ ያደገችው በይኸነው ጋሪ ላይ ነው። በሰባት ዓመቷ እግሮቹ መሐል ቆማ፣ የልጓሙን ገመድ ከእጁ ሥር ይዛ፣ "ሂድ ዳማ!" እያለች ነበር ትምህርት ቤት የምትደርሰው፤ ዳማም ያኔ ገና ውርንጭላነቱን የጨረሰ ነበር። በሠርጓ ቀን በገዛ እጁ ነድቶ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሊያደርሳት ለራሱ ቃል ከገባ ቆይቷል።

"ጋሪያችን ምን አጠፋ?" አላት።

"አባ፣ ቅዳሴ አይጠብቅም። ዳማ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲታጠፍ እኔ በሙሽራ ልብሴ ቁልፍ ልፈትሽልህ?"

እናቷ ውዴ ሳቋ አመለጣት። ይኸነውም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ወጥቶ የዳማን አንገት አቅፎ ቆመ። የምስራች በመስኮት አየችው። ተከትላው ወጥታ፣ "እሺ፤ ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን እመጣለሁ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሳትቆም፣ ሳትመለስ ካደረስከኝ ባጃጁ ይቀራል" አለችው።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ተሻገር ሄደ። የነቢያት ጾም ሊገባ ቀናት ቀርተውት ነበር። መምሬ አዳመጡት፤ ጢማቸውን ደባበሱና፣

"ሥጋና ወተቱን ሁሌም ትጾማለህ" አሉት። "ዘንድሮ አንድ ጨምር። ከመመለስ ጹም።"

"ከመመለስ?"

"አዎ። በሩን አንዴ ቆልፍ። ስትቆልፍ ግን እዚያው ሁን፤ እጅህ ጓጉንቸሩ ላይ ሆኖ ልብህ ገበያ አይሂድ። 'ጌታ ሆይ ቤቴን ላንተ ሰጠሁ' በልና ሂድ። ከሰጠኸው በኋላ እየተመለስህ ማየት እሱን አለማመን ነው።"

"ስጋቱ ሲመጣስ አባ?"

"ሰዓት ቀጥረው። ማታ ከጸሎት በኋላ ቁራጭ ጧፍ አብርተህ ተቀመጥ፤ ጧፉ እስኪያልቅ ብቻ የፈለግኸውን ያህል ተጨነቅ። ቀን ከመጣ 'ማታ ና' በለው።"

የጾሙ መጀመሪያ ቀን አመሻሽ ላይ ይኸነው እያለከለከ መምሬ ደጅ ደረሰ።

"ዛሬ ስንት ጊዜ ተመለስህ?" አሉት።

"ሁለቴ ብቻ ነው አባ።"

"ለመጀመሪያ ቀን ደግ ነው።"

"ሦስተኛው ግን ይሄ ነው። ሁለቴ መመለሴን ልነግርዎ ከመንገድ ተመልሼ ነው።"

መምሬ ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። ይኸነውም ያሳቃቸው ምን እንደሆነ የገባው ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው፤ መሐል አስፋልት ላይ ብቻውን ሲስቅ ያዩት ሰዎች ሠርጉ አእምሮውን እንደነካው አወሩ።

ቀስ በቀስ ቀኑ መልክ ያዘ። ሲነጋ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል። ዳማን ሲጭን አይቸኩልም፤ ጎማውን፣ ብሎኑን፣ የአንገቱን ማሰሪያ አንዴ፣ አንድ በአንድ፣ በእጁ ይዳስሳል። በሩን ይቆልፋል፤ ቃሉን ይናገራል፤ ይሄዳል። ቀትር ላይ ዳማን ውኃ ያጠጣል። ድሮ ፈረሱ ሲጠጣ እሱ ስልኩን ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር፤ አሁን ስልኩን ኪሱ ከትቶ የዳማ ጉሮሮ ውኃውን እየጎተተ ከፍ ዝቅ ሲል ዝም ብሎ ያያል። ይህችን ትንሽ ነገር እንዴት እንደወደዳት!

ማታ ማታ ጧፉን ያበራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጧፉ አልበቃውም ነበር። በአሥረኛው ቀን ግን በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ግራ ተጋብቶ ውዴን ጠራት።

"ዛሬ ምን ነበር ያስጨነቀኝ? ሦስት ነበሩ፤ ጠፉብኝ።"

"እኔ ምን ላድርግህ? ልፈልግልህ?"

"አንዱን እንኳ አስታውሺኝ፤ ጧፉ እያለቀ ነው!"

"እንግዲያው ስለ እኔ ተጨነቅ። ሽሮው አሮብኛል።"

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሽሮውም ይበልጥ አረረ።

ዳማ ግን የጾም ነገር አልገባውም። ይኸነው መመለስ ቢተውም ፈረሱ ወፍጮ ቤቱ ጋ መታጠፉን፣ ድልድዩ ጋ መቆሙን ቀጠለ። ይኸነው ሦስት ቀን ወርዶ ከፊት ከፊት እየመራ አሳለፈው። ልጆች "ፈረሱ ጋሪው ላይ ይውጣና አንተ ጎትት!" እያሉ ተከተሉት። በአራተኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋለ። ወፍጮ ቤቱ ሲቃረብ፣ እሱ ሳያውቀው፣ እጁ የልጓሙን ገመድ ጠበቅ ያደርጋል፤ ዳማ የሚታጠፈው ያንን ሲሰማ ነው። ትንፋሹን ወደ ውጭ ለቀቀ፤ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፤ ገመዱን አላላ። ዳማ ጆሮውን አንዴ ወደ ኋላ መለስ አድርጎ፣ የተገረመ በሚመስል እርምጃ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፈ።

"አለፈ!" ብሎ ጮኸ ይኸነው።

"ምኑ?" አለች ነጭ ሽንኩርት ያስጫነችው ሴት ደንግጣ።

"ወፍጮ ቤቱ!"

"ኧረ እልል በሉ!" አለችና እውነትም እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ዳማ አስተማሪው ሆነ። ይኸነው በሐሳብ ሲነጉድ እጁ ይጠብቃል፤ ፈረሱ ይቆማል፤ ይኸነው ይነቃና "ማታ ና" ብሎ ገመዱን ያላላል።

ልደት አለፈ። የምስራች ቃሏን ጠብቃ መጣች፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሳይቆም አደረሳት። ስትወርድ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስልኳን አወጣችና የባጃጁን ልጅ "ይቅርታ፣ ቀርቷል" አለችው።

የሠርጉ እሑድ ጠዋት ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ጋሪው በአበባ ተሸፍኖ ወጣ። ከኋላ ወንበር ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃል። ፋንታሁን አክስቶቿን ጭኖ በጋሪው ይከተላል፤ አክስቶቹም ያጨበጭባሉ። ወፍጮ ቤቱ ታለፈ። ድልድዩም ታለፈ። ሱቁ ጋ ሲደርሱ ዳማ ቀጥ አለ።

"አባ!" አለች የምስራች። "ምን አስጨነቀህ?"

"ምንም! እውነቴን ነው፣ ምንም!"

እጁን አየ። ጣቶቹ ገመዱ ላይ ተጣብቀዋል። የያዘው ስጋት አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ዳማ ደግሞ የእጅ መጥበቅን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። ይኸነው ሊያላላው ሞከረ፤ እጁ ይበልጥ ያዘ። እየሳቀ ነው፣ እያለቀሰም ነው። ዳማ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል።

"ይኸነው!" ብሎ ጮኸ ፋንታሁን ከኋላ። "ቅዳሴው ሊገባ ነው! ለማን ልትደውል ነው? ልጅቷ እንደሆነች ከኋላህ ናት!"

አክስቶቹ ተንከተከቱ። አንዱ ባለ ባጃጅ ቆሞ፣ "ሙሽራዋን ልውሰዳት?" አለ። ይኸነው ፊቱ ተለዋወጠ።

የምስራች ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰብስባ ከኋላው ወንበር ወደ ፊት ተሻግራ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች።

"ስጠኝ።"

በዚያች ቅጽበት ያልመጣ ስጋት የለም። ቀሚሱ ጎማ ውስጥ ቢገባስ? ፈረሱ ቢደነብርስ? ሙሽራ ጋሪ ስትነዳ ሰው ምን ይላል? ይኸነው ትንፋሹን ለቀቀ። ገመዱን እጇ ላይ አኖረና ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

"ሂድ ዳማ!" አለች የምስራች።

ዳማ እንደ ውርንጭላ ተነሣ። ነጩ ነጠላዋ ከኋላዋ ይውለበለባል፤ ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች መዝጊያውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ፤ ሴቶች ከየበራቸው እልል ይላሉ፤ የተናቀው ባጃጅ እንኳ ጥሩንባውን እያንባረቀ አጀባቸው። ውዴ አንድ እጇን አፏ ላይ፣ አንድ እጇን የባሏ ትከሻ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ይኸነው ምንም የሚይዘው ነገር አልነበረውምና መንገዱን ማየት ጀመረ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ መስኮት አየ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወዲህ አንድ ግዙፍ ዋንዛ ቅርንጫፉን መንገዱ ላይ ዘርግቶ ቆሟል።

"ውዴ፣ ይሄ ዛፍ መቼ በቀለ?"

"ሳንጋባ ጀምሮ እዚሁ ነው ያለው።"

"ተመስገን" አለ ይኸነው፣ ራሱን ቀና አድርጎ በቅርንጫፉ ሥር ሲያልፉ። የምስራች ገመዱን ሳብ አደረገች፤ ዳማ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆመ። የደወሉ ድምፅ ገና አልጀመረም ነበር። ይኸነው ዘሎ ወርዶ ለሙሽራዋ እጁን ዘረጋላት።