የሰልባትዮው ክዳን

በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ዝዋይ ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ሰው የሚያመላልሰውን ባሌን አንዲት ጠብታ እንኳ ብትተንበት ያንገበግበው ነበር።

አንድ ቀን ምጥ የያዛትን ሴት ከአማቷ ጋር ከአንዱ ደሴት አሳፍረን ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ፣ ሞተሩ ሐይቁ መሀል ጠፋ። ባሌ ገመዱን ሲስበው ይነሳል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ያስልና ይጠፋል። የቤንዚኑን ማጣሪያ ፈቶ አየ፤ ውሃ የለበትም። ቱቦውን ነፋው፤ አልተደፈነም።

ሴትየዋ ክንዴን ጨምድዳ ስታቃስት አማቷ ድንገት ማልቀስ ጀመሩ።

"የኔ ኃጢአት ነው ያቆመን! ትናንት ቀኗ መድረሱን እያወቅሁ ውሃ አስቀዳኋት። አመመኝ ስትለኝም 'ሰነፍ' አልኳት። ልጄ፣ ይቅር በይኝ!"

"እማማ፣ አሁን እሱን ይተዉት!" አለች ጥርሷን ነክሳ።

እኔ ምን ልበላችሁ፣ ያኔ ነው የቤንዚኑ ሰልባትዮ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ያየሁት። ለባሌ አሳየሁት። ለካ ቤንዚኑ እንዳይተን ጠዋት የክዳኑን የአየር ማስገቢያ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ረስቶታል። ዝጋው ያልኩትም እኔው ነኝ! አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚኑ አይመጣም። ሲከፍተው ፉሽ አለ፤ ሞተሩም ተነሳ።

"ጥፋቱ የኛ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፣ እማማ" አላቸው ባሌ አንገቱን ደፍቶ።

"የሞተሩ ይሁን፤ የኔ ግን የኔው ነው" አሉት።

ሴትየዋ ጤና ጣቢያው ደርሳ በሰላም ተገላገለች። አማቷ ግን አዋላጇ ሕፃኑን ስትሰጣቸው እናቱ አፍ አውጥታ "ይቅር ብያለሁ" እስክትላቸው ድረስ አልተቀበሉም።