ለክረምቱ የተሰናዳ ሳይክል

አዲስ አበቤ ክረምት መግባቱን የሚያውቀው ከሰማዩ ሳይሆን ከታክሲው ነው። በጋውን ሙሉ እጅህን ይዞ የሚጎትትህ ወያላ፣ ሰኔ ላይ ዝናብ ጠብ ሲል እንዳላየ ያልፍሃል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አሮጊት ተገፍትራ ስትወድቅ፣ የገፈተራት ሰው ወንበር ይዞ በመስኮት ሲያያት አይቻለሁ። ያ ሰው እኔ አለመሆኔ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ሳይክል የገዛሁት ለጤና ብዬ ሳይሆን ከዚህ ግፊያ ለመውጣት ነበር።

የምሠራው እዚያው ሜክሲኮ አጠገብ በሚገኝ ማተሚያ ቤት ነው። የምኖረው ካዛንችስ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ጠባብ ሰርቪስ ቤት ነበር። ይህችን አከራዬን በአካል አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አንቱታውን ነፍጌያታለሁ። ምክንያቱን አንባቢ ሲደርስበት ይፍረድ።

ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት አልገባም ነበር። ላንቻ ታላቅ እህቴ ታማ ተኝታለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ትዳር የሚባለውን ነገር ለእኔ ስትል አልፋዋለች፣ ይህንንም አንድ ቀን አላነሳችብኝም። በዚያ ዓመት ሐኪሞቹ ቤቷ ትረፍ ብለው መለሷት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ጎረቤቷ የሆኑ አንዲት እናት ቀን ቀን ያስታምሟታል፤ እህል ግን ከእኔ እጅ ካልሆነ አትቀምስም። ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ በመድኃኔዓለም ቢሏት፣ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ ስደርስ ጥቂት ማንኪያ አጥሚት ትቀበለኛለች። እንቅልፍ ሳይወስዳት መድረስ ነበረብኝ፤ ካልደረስኩ ጾሟን ታድራለች።

በበጋ ይህ አልከበደኝም። ክረምቱ ሲገባ ግን ሳይክሉ ከዳኝ። አንድ ዓርብ ማታ ስታዲየም አካባቢ ፍሬን ብይዝ ጎማው ተንሸራተተና አጥሚት ከያዝኩበት ፔርሙስ ጋር አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ። አጥሚቱ ከጎርፉ ጋር ሄደ። መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ጭቃ ሲረጨኝ፣ አንድ ጎረምሳ ከአውቶቡስ መጠለያ ሥር ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። የወለቀውን ሰንሰለት መልሼ ላንቻ ስደርስ እህቴ ተኝታ ነበር። ጎረቤቷ የረጠበ ልብሴን አየት አድርገው የእህቴን ብርድ ልብስ አስተካከሉ። ያ እይታቸው ከስድብ በላይ አቃጠለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ እረፍት ነበርኩ። ጠዋቱን ሳይክሉን ለክረምት አሰናድቼ ከምሳ በኋላ ላንቻ ልወርድ፣ ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን ላላረፍድ ለራሴ ማልኩ። ግቢው መሃል ገልብጬው ጀመርኩ። ዝገቱን በላምባ ፈተግኩ፣ ሰንሰለቱን ግራሶ ቀባሁ፣ ያለቀውን የፍሬን ጎማ ቀየርኩ። ጭቃ ጀርባዬን እንዳይመታኝ ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩትን ቁራጭ በሽቦ አሰርኩበት፣ መቀመጫውን በፌስታል ጠቀለልኩት። ለአዲሱ ፔርሙስ ደግሞ የኋላ መጫኛው ላይ የካርቶን ቤት ሠርቼ ሸራ አለበስኩት። በሠራሁት ኮራሁ፣ ዝናቡ ራሱ ይምጣ አልኩ።

ቀትር ላይ አከራዬ ሳሎን ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ያኔ ሞባይል የጥቂት ሰዎች ዕቃ ነበር፤ የሚፈልገኝ ሰው የሚደውለው በዚያ ስልክ ነው። ጥቂት ቆይታ ወጣችና በረንዳው ላይ ቆመች። ጠራችኝ ብዬ ቀና ብል አልጠራችኝም። ማዶ ያለውን ሌላውን ተከራይ፣ ጡረታ የወጣውን የከባድ መኪና ሾፌር በእጇ ጠቅሳ አስገባችው። እኔ ወደ ፍሬኔ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ደሜ ይፈላል። ይህች ሴት ሳይክሉ ግድግዳዬን አቆሸሸው ብላ ስንቴ ያዋረደችኝ፣ ቧንቧዋን በቁልፍ የምትቆልፍ ሴት ናት። ያን ቀን ቧንቧውን ራሷ ከፈተችልኝ። «እንደልብህ እጠበው ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። ልጄ ብላኝ አታውቅም። ሽሮ በጎመን አቅርባ እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሾፌሩም ሌላ ጊዜ ሳይክል የድሃ መኪና ነው እያለ የሚያላግጥብኝ ሰው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ካላገዝኩህ አለ። እኔ ጅሉ ደስ አለኝ። ሰው ሲያዩት ክፉ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደግ ነው ብዬ ተፈላሰፍኩ።

ለመውጣት ስዘጋጅ ሾፌሩ በክረምት የጎማ መለጠፊያ ማስቲሽ ከቤት መጥፋት የለበትም ብሎ ሱቅ ላከኝ። ስመለስ የኋላው ጎማ ተንፍሶ መሬት ይዟል። የውስጡን አውጥተን ሳፋ ውሃ ውስጥ ብንነክረው ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከሦስት ቦታ አረፋ ይተፋል። ጎሚስታ ጋ ልሩጥ ስለው የሠፈሩ ጎሚስታ ዘግቷል አለኝ። አንዱን ለጥፈን ስንነፋው ሌላው ይለቃል። ሾፌሩ እየደጋገመ ቀስ በል፣ ክረምት እኮ ነው ይለኛል። እንዲህ እንዲህ ስንል ሰማዩ ጠቁሮ ዶፉ ወረደ።

በእግሬ ልሂድ ብዬ ብነሳ አከራዬ በሩ ላይ ቆመች። የእህትህ ጎረቤት ደውለው ነበር፣ ደህና ናት፣ አጥሚቱንም ጠጥታ ተኝታለች አለችኝ። ነገ በጠዋት ትሄዳለህ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ከሌላ ሰው እጅ በላች ማለት ነው ብዬ ቀናሁ። ከዚያ ደግሞ እፎይ አልኩና ገብቼ ተኛሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ከባድ እንቅልፍ ለወራት ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ሾፌሩ ጋቢውን ደርቧል፣ ከኋላቸው የእድሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት እንዲያ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን እንደያዘ ሳይናገር ይታወቃል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትከሻዬን ያዙና «እህትህ አርፋለች፤ ጠንከር በል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ግቢው ጭቃ ላይ እንደወደቅኩ ኋላ ከልብሴ አየሁ።

ይዘውኝ በእግር ወረድን። ደምበል አካባቢ ስንደርስ ድምፄ ተዘግቶ ነበር፤ ያን ጊዜ አከራዬ ክንዴን እንደያዘች የትናንቱን ታወራኝ ጀመር። የደወሉት የእህቴ ጎረቤት ነበሩ። ሴትዮዋ እያለቀሱ በጣም ደክማለችና ዛሬውኑ ይምጣ፣ ብቻውንም አትላኩት ብለው ዘጉ። አከራዬ ወዲያው ገባት። መርዶን በስልክ የሚናገር ሰው የለም፤ ደህና ቢሆንማ ለምን ያለቅሳሉ? መርዶ ደግሞ በጠዋት ነው፣ ከሰው ጋር ነው፣ ያዘነ ሰውም ከዚያ በፊት እህል ቀምሶ መተኛት አለበት። ስለዚህ አበሉኝ፣ አቆዩኝ፣ አስተኙኝ። ሾፌሩም ከወዲያ በኩል ጎማውን በወስፌ የወጋው እሱ መሆኑን ነገረኝ። ያሳደግንህ ያህል ተጨነቅንልህ አለችኝ አከራዬ። እኔም እያለቀስኩ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ያቺን ምስጋና ዛሬ መልሼ ብወስዳት ደስ ይለኛል።

ላንቻ ስንደርስ ድንኳን የለም። የለቅሶ ድምፅ አይሰማም። የግቢው በር እንደተዘጋ ነው። አከራዬ ቆም ብላ ሾፌሩን አየችው። ቀብሩ ትናንት ተፈጽሞ ይሆን እንዴ ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ስናንኳኳ የእህቴ ጎረቤት ራሳቸው ከፈቱ፤ ዓይናቸው አብጧል። የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ሽማግሌዎቹን፣ እኔን ተራ በተራ አዩን።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ። «አሁን ገና ነው እኮ ያረፈችው። ጎረቤት እንኳ አልቀሰቀስኩም።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ትናንት በቀን አስጠርቼህ የት ነበርክ? አንድ ማንኪያ እንኳ አልቀመሰችልኝም። በር በሩን ስታይ ነው የነጋው።»

አከራዬን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ሾፌሩ ወደ አጥሩ ፈቀቅ ብሏል። ሽማግሌዎቹ የሆነው ገና አልገባቸውም። እሷ እንድትናገር ጠበቅኩ። ደውለውልኝ ነበር፣ የሞተች መስሎኝ እኔ ነኝ ያስቀረሁት ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ስታዝንልኝ የዋለችው አፍ ያኔ ተለጎመ። አዛኝ ቅቤ አንጓች ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ያን ጠዋት ግን በዓይኔ አየሁት። እንዲህ በሰው ፊት አንገቷን ደፍታ የቆመችን አሮጊት ላዋርዳት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ይሉኝታ የሚሉት እርግማን ግን ቀደመኝ።

«ሳይክሌ ተበላሽቶብኝ ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። «ሳይክል» አሉና መንገዱን ለቀቁልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የላንቻ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በዚህች ቃል ነው፤ ያሳደገችው እህቱ እያጣጣረች ሳይክል ሲጠግን የዋለ ወንድም።

ገባሁ። ፊቷ ወደ በሩ እንደዞረ ነበር፤ ዓይኗን ገና አልከደኑላትም። ጉልበቴ ላይ ወድቄ እጇን ያዝኩት። አልቀዘቀዘም። ውጭ፣ ከሁሉ ቀድማ አከራዬ ደረቷን እየመታች ማልቀስ ጀመረች።