ከዳሞታ ግርጌ ወደ ቆላ ያስላክኳት ላም

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ሶዶ መናኸሪያ

ከቤት ስወጣ ባለቤቴ «በጠዋቱ ወዴት ነው?» ብትለኝ «ላም ልጠይቅ፤ ኪንዶ ዲዳዬ» አልኳት። «የሚጠየቅ ሰው አልቆ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ብትስቅ አይፈረድባትም። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ላሟ ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶዶ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከሰፈራችን ከፍ ብሎ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ እትዬ አልታዬ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤት አሉኝ። መሬታቸው ላይ አንድ መማሪያ ክፍል ቢሠራ ለተማሪ መቆሚያ አይተርፍም። በዚያች ቁራሽ ላይ እንሰት፣ ጎመንና ጎደሬ ተክለው አራት ልጅ አሳድገዋል። እንሰቱን የሚያቆመው የአንዲት ቀይ ላም እበት ነው። ላሟ ከሌለች እንሰቱ ይከሳል፤ እንሰቱ ከከሳ ቤቱ ይራባል። ሌላ ዘዴ የላቸውም።

ዘንድሮ በጋው ሲጠና ሳር ጠፋ። እትዬ አልታዬ ላሟን በገመድ ይዘው የአስፋልቱን ቦይ ዳር ለዳር ሲያስግጡ አየኋቸውና የአዋቂነት ዛር ተነሳብኝ። የአገሪቱን ትልቅ ካርታ ከትምህርት ቤት ተሸክሜ መጥቼ ደጃፋቸው ላይ ዘረጋሁት። «ይኸውልዎት እትዬ፤ እኛ ጋ ሰው በሰው ላይ ነው። እዚህ ታች፣ ኦሞ ዳር ግን ሰው የለም፣ ሳሩ የትየለሌ ነው። ዝናብ እስኪገባ ላሟን ወደዚህ ይላኳት» አልኩ። እሳቸውም የባላቸው የአጎት ልጅ፣ አቶ ባሳ፣ እዚያ ስለሚኖሩ ላኩላቸው። በአገሩ ወግ የሰው ላም የሚያቆይ ሰው ወተቱና እበቱ የሱ ነው፤ ጥጃ ከተወለደ እኩል ነው። ላሟ ከሞተች ደግሞ ቆዳዋ ለባለቤቷ ይላካል። ሸጦ ወይም አርዶ እንዳልበላት የሚታወቀው በቆዳዋ ነው።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደወለ። ላሟ ቆማ መሄድ አቅቷታል ተባለ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ማለት እኔ ነኝ። እትዬ አልታዬ አንድ የቁጣ ቃል አልተናገሩኝም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። «ሄጄ አየዋለሁ» ብቻ አሉ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ አልኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ከጎኔ ተቀምጠው፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጯቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰረቅ አድርገው አዩኝ።

«አንተ ቲቸር፣ ካርታ ይዘሃል?»

«ኧረ እትዬ! ዛሬስ አፌንም ቤት ጥዬው በመጣሁ!»

ሳቁ። እኔም ትንሽ ቀለለኝ።

ረፋድ ላይ፤ የቤሌ መንገድ

ከሶዶ ወደ ምዕራብ ሲወጡ መንገዱ ዳርና ዳር ቤት ነው። አንዱ እንሰት ሳያልቅ የሌላው ሰው እንሰት ይጀምራል። አጥር እንኳ የሚበዛበት መሬት ነው፤ ብዙዎቹ ወሰናቸውን የሚለዩት በአንድ ረድፍ ቁጥቋጦ ነው። መኪናው በቆመበት ሁሉ አቮካዶ፣ ሸንኮራ፣ የተቀቀለ በቆሎ ይዘው ወደ መስኮቱ የሚሮጡ አሉ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከዚህች ቀይ አፈር እንዴት እንደሚኖር ሃያ ዓመት ሳስተምር ኖሬ እንደ ዛሬ አይቼው አላውቅም። እትዬ አልታዬ ግን መሬት መሬቱን እያዩ «ይሄ ሰው እበት አለው፣ ይሄ የለውም» ይሉኝ ነበር። የሚያዩት የእንሰቱን ቅጠል ነው። ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ከብት አለ ማለት ነው፤ ከቀጨጨና ቢጫ ከሆነ የለም። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎና ካሳቫ እየበዛ ሄደ። እኔ ኮቴን አወለቅኩ፤ እትዬ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

ቤሌ ስንደርስ ማንጎ በየጥጉ ተከምሯል። አንዷን ሻጭ ዋጋ ጠየቅኳት። አምስቱን በሃምሳ ብር አለችኝ። ሶዶ ላይ በዚህ ብር ሁለት ቢሰጡኝ ነው ብላት አላመነችኝም።

«ታዲያ ልዩነቱን ማን ይበላዋል?» አለች።

«መንገዱ» አልኳት።

«መንገዱስ ይብላው፤ እኔ ጋ የሚበሰብሰው ነው የሚያናድደኝ» ብላ አንድ ማንጎ መረቀችልኝ። ምሳችንን እዚያው ጥላ ሥር፣ ቆጮውን በዳጣ እያጠቀስን በላን። ዳጣው አፌን አቃጥሎት እንባዬ ሲወርድ እትዬ አልታዬ «ይበልህ» ባይሉም ፊታቸው ይለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፤ ከሃላሌ ወደ ታች

ሃላሌ ከመኪና ወርደን ቁልቁለቱን በእግር ተያያዝነው። እዚህ ላይ አገሩ ድንገት ይከፈታል። ታች፣ በጣም ታች፣ ኦሞ ላይ የተገደበው ውሃ ያብረቀርቃል፤ ማዶ የዳውሮ ተራሮች ቆመዋል። በመካከሉ ደግሞ ልክ እንዳልኩት ሳር ነው። ወገብ የሚደርስ፣ ደርቆም እንኳ የሚያምር ሳር። የሚገርመው ከብት የለበትም። አንድ ሰዓት ተኩል ስንወርድ ሦስት ቤት ብቻ ቆጠርኩ።

«ይሄ ሁሉ ሳር!» አልኩ፤ አላስቻለኝም።

እትዬ አልታዬ ቆም ብለው ዙሪያውን አዩ። «ሶዶ ላይ በዚህ ሳር ሰው ይጋደላል። እዚህ ለምን አይበሉትም?» አሉ። መምህሩ እኔ፣ ጥያቄውን የጠየቁት እሳቸው። እኔ ካርታውን ስዘረጋ ይህችን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ እዚህ ባልመጣን ነበር።

የአቶ ባሳ ደጅ ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው መሬት ላይ በችካል የተወጠረ ቆዳ ነው። ውስጡ ወደ ላይ ስለሆነ የፀጉሩ ቀለም አይታይም። እትዬ አልታዬ ባሉበት ቀሩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በወላይትኛ የሆነ ነገር አሉ፤ ቃሉ ባይገባኝም ትርጉሙ ገባኝ። በስመ አብ! ቆዳው ተዘጋጅቶ ወደ ሶዶ ሊላክ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። የሴትየዋን ቤት አፈረስኩት።

አቶ ባሳ ከጓሮ ወጡ። ረጅም፣ ከሲታ፣ አይናቸው በፀሐይ የጠበበ ሰው ናቸው። «ሳሮ?» ብለው ሰላም አሉንና ፊታችንን አይተው ነገሩ ገባቸው።

«አይደለም፣ አይደለም! ያንቺ አለ። ነይ እይው» አሉ።

ከጓሮ፣ ቅጠል በተደረበበት ዳስ ሥር፣ ቀይዋ ላም ተኝታለች። አጥንቷ ቢቆጠር ይቆጠራል። ጆሮዋ ግን ይንቀሳቀሳል፤ የእትዬ አልታዬን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን አቃናች። እትዬ አጠገቧ ቁጭ ብለው ግንባሯን እያሻሹ አለቀሱ። እኔም አይኔን ጠረግሁ፤ ላብ ነው ብዬ ላሳብብ ነበር፣ የሚያየኝ ግን አልነበረም።

ማምሻውን፤ አቶ ባሳ ደጅ

የበቆሎ ቂጣ ከተቀቀለ ሃላኮ ጋር ቀረበልን። ሃላኮ ማለት እኛ ከተማ ሽፈራው የምንለው ቅጠል ነው። እየበላን አቶ ባሳ ያንን ሳር ለምን ከብት እንደማይበላው ነገሩኝ።

«ዝንብ አለ። ወንዝ ዳር፣ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይነሳል። ከብት ከነከሰ ገንዲ ያሲዘዋል። ከብቱ እየበላ ይከሳል፣ እየበላ ይሞታል። የኛ ከብት እንኳ በመርፌ ነው የሚኖረው። ከደጋ የመጣ ደግሞ ምንም አይችልም። ለሰውም ወባ አለ። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ወደ ላይ የወጣው።»

ተማሪዎቼን ሕዝቡ ደጋና ወይና ደጋ ላይ የሰፈረው ለም አፈርና በቂ ዝናብ ስላለ ነው እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ የያዘው ይህ ዝንብ ነው። የእትዬ አልታዬን መሬት ያጠበበው፣ የሶዶን ልጆች ሥራ ፍለጋ በየከተማው የበተነው፣ ይህን ሁሉ ሳር ያለ በላተኛ ያስቀረው አንድ ዝንብ! ካርታው ላይ ቦታው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ዝንቡን ግን ማን ይቀባዋል?

«ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን ተቀበሏት?» አልኩ። ቁጣዬ በራሴ ላይ ነበር፤ ወደሳቸው ዞረብኝ።

«ሳር የለም፣ ይሞታል አለችኝ። እዚያም ይሞታል፣ እዚህም ይሞታል። እዚህ ቢያንስ ጠግቦ ይቆያል ብዬ ነው።»

እትዬ አልታዬ በዚህ ጊዜ ቆዳውን እያዩ ነበር። «ያ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሚስታቸው ናቸው ከውስጥ ሆነው የመለሱት። «የኛ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ታመሙ። የከብት ሐኪሙ ጋ የቀረው መድኃኒት ለአንድ ከብት ብቻ ነበር።»

እትዬ አልታዬ ጎንበስ አሉ። «ለምን ላንተ አልወጋኸውም?»

«ያንቺ አደራ ነው» አሉ አቶ ባሳ፤ የሚገርም ነገር እንደተጠየቁ ሁሉ። «የኔ የኔ ነው፣ ቢሞት ለማን እነግራለሁ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለም?»

አቶ ባሳ ያቺን የራሳቸውን አንድ ላም ይዘው ነው አምስት ልጆች ወተት የሚያጠጡት። ወይም ያጠጡ የነበሩት።

ከዚያ አቶ ባሳ ወደኔ ዞሩ። ነቀፋ አልነበረበትም፤ የምር ጥያቄ ነው። «አንተ ቲቸር፣ ቤትህ ሶዶ ነው አይደል? ግቢ የለህም? ሳር የለውም?»

ግቢዬ! አያቴ ከቡልጋ በጸሐፊነት መጥተው ያገኙት ግቢ ነው። የእትዬ አልታዬን መሬት አራት ጊዜ ይውጠዋል። ፊት ለፊቱ ሙሉ ሳር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ሰው ቀጥሬ አሳጭደውና በጆንያ አድርጌ እጥለዋለሁ። ሳር ፍለጋ ኦሞ ድረስ ካርታ ላይ ጣቴን ስሰድ በአጥሬ ላይ አሻግሬው ነው የሄድኩት። ሃፍረት ሰው ቢገድል እዚያው እቀበር ነበር።

«አለው» አልኩ።

እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ

ዝንቡ ሳይሞቀው መውጣት ነበረብን። ላሟን አራት ጎረቤት ተባብሮ አነሣትና እርምጃ በእርምጃ አቀበቱን ጀመርን። አሥር ሜትር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ እትዬ አልታዬ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ይሏታል፣ ደግሞ ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ ተኛችብን። በሁለተኛው ከዚህ አትነሣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አቶ ባሳ በቅል የያዙትን ውሃ አፏ ውስጥ አፈሰሱላት፤ ቆይታ ተነሣች።

ሃላሌ ላይ ካሳቫ ጭኖ ወደ ሶዶ የሚሄድ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ መጀመሪያ «ይቺ መንገድ ላይ ነው የምትሞትብኝ» ብሎ እምቢ ቢልም፣ እትዬ አልታዬን አይቶ ከበስተኋላ ቦታ አስለቀቀላቸው።

ልንሳፈር ስንል እትዬ አልታዬ የአቶ ባሳን እጅ ይዘው በአማርኛ ተናገሩ፤ እኔ ምስክር እንድሆን መሰለኝ። «ላሙ ከዳነ፣ የመጀመሪያ ጥጃ ያንተ ነው። ሙሉው።»

«ወጉ ግማሽ ነው» አሉ አቶ ባሳ።

«ወጉን አንተ ነህ ያፈረስከው። ያንተን ገድለህ የኔን አዳንክ። አሁን ዝም በል።»

እኔም አቶ ባሳን «ጋላታይስ» ብዬ አመሰገንኳቸው፤ ከማውቃቸው ጥቂት የወላይትኛ ቃላት አንዷ ናት፤ እንደዚያ ቀን አንሳብኝ አታውቅም።

ሶዶ፤ ከተመለስን በኋላ

ባለቤቴ የግቢውን በር ከፍታ ላሟን ስታይ «ጠይቀሃት ልትመለስ አልነበር እንዴ?» አለች። ነገሩን ሁሉ ስነግራት ግን የአበባ መደቧን አጥር ራሷ ነቀለችው። ላሟ አሁን ግቢዬ ውስጥ ነው የምትውለው። እትዬ አልታዬ በየጠዋቱ ቅርጫት ይዘው መጥተው እበቱን ለእንሰታቸው ይሸከማሉ። አመሰግናለሁ ብለውኝ አያውቁም፤ ይህም ደስ ይለኛል።

ክፍል ስገባ ካርታውን ሰቀልኩና ተማሪዎቼን ሰው የማይኖርበትን ቦታ አሳዩኝ አልኳቸው። አሳዩኝ። «ለምን?» አልኳቸው። «እንጃ» አሉ። «እኔም አላውቅም ነበር» ብዬ ስለ ዝንቡ ጀመርኩላቸው። አገር የሚጠናው በከፍታውና በዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ማን ለምን እንደራቀው የሚያውቀው እዚያ የቀረው ሰው ነው፤ እሱን ሳይጠይቁ ምክር መስጠት በሰው ላም መቆመር ነው። ከጉዞዬ ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ነው።

ትናንት አቶ ባሳ ደወሉ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ላሙ በላ?» አሉኝ።

«በልታለች። ዛሬ ራሷ ተነሣች» አልኳቸው።

«ተመስገን! ተመስገን!» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታው ይሰማል። ሚስታቸውን ጠርተው ሲነግሯቸውም ሰማሁ። ከዚያ ልጆቼን፣ ባለቤቴን፣ እትዬ አልታዬን አንድ በአንድ ጠየቁኝና ዘጉት። ስለራሳቸው ላም አንድም ቃል አላነሱም።