ለአዋሽ መለኪያ ከፋይ ፍለጋ

ቅዳሜ ንጋት፣ አዳማ

ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። የአዳማ ነፋስ ከሰው ቀድሞ ተነስቶ አቧራውን ያምሳል። መናኸሪያ ሳልደርስ ጥርሴ መሃል አሸዋ ገብቷል። ብሎኬት መቺ ነኝና አሸዋ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ለዚህ ጉዳይ እኔ መላኬ ነው። እሑድ እሑድ አዋሽ ላይ መንጠቆ የምንጥል ጓደኛሞች ተሰብስበን «ማን ይሂድ?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ንግግር አዋቂ ስለሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ኋላ ስሰማ «እሱ ቢሰደብም አይሰማውም» ብለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሶደሬ አለፍ ብሎ ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ዘንግ ቆሟል፤ የውሃ መለኪያ ነው። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ጠዋትና ማታ ቁጥሩን እያዩ ለውሃ ቢሮ ይደውላሉ። ለእኛ ለአሳ አጥማጆቹና ታች ላሉት መንደሮችም ይደውላሉ። ላይ አገር ዝናብ ሲጥል እዚህ ታች ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ውሃው ግን ድምፁን አጥፍቶ ይመጣል። ከብቱንም፣ በቆሎውንም፣ መንጠቆ ላይ ያፈጠጠውን ጅልም ይዞ ይሄዳል። አሁን ቢሮው «በጀት የለም» ብሎ የሴትየዋን ደሞዝ አቁሟል። ዛሬ ከፋይ ካልተገኘ ነገ ሻሸመኔ ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ፤ ዘንጉም የወፍ ማረፊያ ይሆናል። እኛ አጥማጆቹ ግማሹን እንችላለን። ግማሹን ከወለንጪቲ በታች፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር እድር እንዲችል ልንለምን ነው የምንሄደው።

አብሮኝ የሚሄደው ሰይድ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ መለዋወጫ ይሸጣል። አሳ ማጥመድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ከእኔ በላይ ይይዛል። ይቅር አልለውም።

ፉል በላን። ሳህኑ መቶ ሃያ ብር ገብቷል፤ ዘይቱ ደግሞ በሽታ ነው።

«ንግግርህን አዘጋጀህ ጋሽ ደምሴ?»

«ጽፌዋለሁ።» ኪሴን መታ መታ አደረግሁ።

«ወላሂ? አንተ?»

አዎ፣ እኔ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፣ ለልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ። አዲስ ሰዓት የገዛ ሰው ሳይጠየቅ ሰዓት እንደሚናገር፣ እኔም ሳልጠየቅ እጽፋለሁ። እናንተም እያነበባችሁ ነው፤ ቻሉት።

ረፋድ፣ ሶደሬ

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» እያለ ሰው ይጠቀጥቃል። አንዲት እናት ሁለት ዶሮዎች ጉልበቴ ላይ አስቀመጡ፤ እሺ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። መልካሳ ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። የፓፓያ ሻጮች ጩኸት፣ የጋሪ ፈረስ፣ ላብ፣ የዶሮ ላባ። ሶደሬ ስንወርድ ጦጣ የሰይድን ፓስቲ ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ።

«ይሄ ጦጣ አንተን ይመስላል» አለኝ ሰይድ። «በልቶ አመሰግናለሁ አይልም።»

አዴ ጫልቱ ወንዙ ዳር ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘንጉ ላይ የደረቀውን ጭቃ በሳር ያሻሉ።

«አካም ቡልተን አዴ?» ብዬ ደህና ማደራቸውን ጠየቅሁ።

«ነጋ፣ ነጋ። ሰው ሲቸገር ኦሮምኛ ይችላል።»

«ነገ ይሄዳሉ የሚሉት እውነት ነው?»

«ሻንጣዬ ታስሯል። ልጄ ነይ ነይ ትለኛለች። እኔ ይሄን ጭቃ የማሸው ለጽድቅ ነው እንዴ?»

«እስከ ማታ ይታገሱን።»

«ካልሆነ ቶሎ ንገረኝ። አታባብለኝ።»

«ማባበል አላውቅም።»

«እሱን አውቃለሁ። ለልመና አንተን መላካቸው ነው የገረመኝ።»

ከሰዓት፣ ወለንጪቲና ማዶ

በአዳማ ዞረን ወለንጪቲ ደረስን። ገበያው ደርቷል፤ ጤፍ በማዳበሪያ፣ ፍየል በገመድ፣ በርበሬው ከሩቅ ያስነጥሳል። ምሳ ጥብስ ብለው ያቀረቡልን ነገር ከፍየል ይልቅ የጎማ ዘመድ ነው። ወደ ወንዙ የሚወስደን ባለ ባጃጅ ኮንትራት ስድስት መቶ አለ። ሰይድ ተከራክሮ አምስት መቶ ሃምሳ አደረሰው።

«ለምን ጉዳይ ነው?» አለ ሾፌሩ ጉድጓድ እየዘለለ።

«የወንዙን ልክ ለሚያነቡ ሴት ደሞዝ ልንለምን።»

«አሃ! ዛሬ ልኩ ስንት ነው?»

ከሰይድ ጋር ተያየን። ዘንጉ አጠገብ ቆመን ወሬ ስናወራ አንዳችንም ቁጥሩን አላየንም።

«ሳታውቁት ነው የምትለምኑለት!» ብሎ እስከ ወንዙ ድረስ ብቻውን ሳቀ።

መሻገሪያው መልካ ላይ ሱሪያችንን ጠቅልለን ገባን። መሃል ስንደርስ ድንጋይ አንሸራተተኝና ውሃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ንግግሬን ግን እጄን ወደ ሰማይ ሰቅዬ አዳንኩት። ምነው ባላዳንኩት።

የእድሩ ሰዎች ነፋስ የቀደደውን ድንኳን ዘርግተው እየጣፉ ነው። ሊቀመንበሩ ኦቦ ቶላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «እንግዳው ይናገር» አሉ። ከሱሪዬ ውሃ እየተንጠባጠበ ወረቀቴን ገለጥኩ። ብቻዬን ሳነብ ይፈጥን የነበረው ጽሑፍ ሰው ፊት እንደ እንቢተኛ አህያ ቆመ። «የ... ተከ... በራችሁ... የእ... ድሩ...»

መርፌ የያዘች አንዲት ሴት ቀና ብላ፣ «ወንዙ እስኪደርስ ልታነብ ነው እንዴ?» አለች።

በእጃቸው ያለው ድንኳን በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ሰይድ ነው።

ወረቀቱን አጥፌ በአፌ ነገርኳቸው። ኦቦ ቶላ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ነገርህ ገብቶናል። ግን እድር ለሐዘን ነው። ደንባችን ለስጋት ገንዘብ አያወጣም። ሰው ሲሞት እንደርሳለን።»

ይሄኔ ደሜ ፈላ። «ሲሞት ትደርሳላችሁ! ጥሩንባ ነፊ ቀጥራችሁ ደሞዝ ትከፍላላችሁ። ከሞተ በኋላ ለሚነፋው ይከፈላል፤ ሳይሞት የምትነፋው ሻሸመኔ ትሂድ? በሉ ድንኳኑን ደህና አድርጋችሁ ጣፉት። ክረምቱ መጥቷል!»

ሰይድ እርጥብ ሱሪዬን ጎተተ፤ በሱ ቤት መሸሻችን ነው። እኔም መልካውን በዓይኔ ለካሁ።

ከዳር አንድ ቀጭን ሰው ተነሳ። ጉታ ይባላል፤ ጥሩንባ ነፊው ራሱ ነው። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር።

«ባለፈው ክረምት ልጆቼ በቆሎ ሲጠብቁ ሴትየዋ ደወለችልኝ» አለ። «ሮጬ አወጣኋቸው። ማታውኑ በቆሎው አልነበረም። ያን ቀን ጥሩንባ የነፋሁት ለማንም ሞት አይደለም፤ ማንም ደንብ ጣስክ አላለኝም። ሁለተኛ ጥሩንባ ነፊ መቅጠርስ ደንቡ ይከለክላል?»

ኦቦ ቶላ ጢማቸውን አሹ። «አይከለክልም» አሉ። «ጥሩንባ ነፊ ይላል እንጂ አንድ አይልም።»

እጅ አውጡ ተባለ። መርፌ የያዘችው ሴት ከነመርፌዋ አወጣች። ኦቦ ቶላ ግን አልጨረሱም።

«ግማሹን እናንተ የምታወጡ ከሆነ እናንተም አባል ናችሁ። እኛ የባዕድ ገንዘብ አንቀበልም። አባል ደግሞ ቀብር ይወጣል፤ ይቆፍራል።»

«ሁላችንም?» አልኩ።

«ጓደኞችህ አንተን ወክለው ልከውሃል። አንተ ትበቃለህ።»

እኔ አሳ የማጠምደው ሰው ሽሽት ነው። አሳ አያለቅስም፣ እንደምን አደርክ አይልም። አሁን ግን አንድ መንደር ሙሉ ሰው ለቅሶውን አሸከመኝ። ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩ። ሰይድ «አብሽር» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ሲያደርገኝ ወንዙ ውስጥ ልጨምረው አሰብኩ።

ከባጃጁ ላይ ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። ሁሉን ሰሙ። «ጥሩንባ ነፊ? በዚህ ዕድሜዬ?» ሳቁ። «በል እሺ። ሻንጣውን ልፍታ።»

ምሽት፣ አዳማ

ቤት ስገባ ፀሐይዋ ገና ከተራራው ጀርባ መግባቷ ነው። ሚስቴ ሱሪዬን አሸትታ አፍንጫዋን ያዘች።

«እድር ገባሁ» አልኳት።

«አንተ? የሰፈራችን እድር ቀብር ቀረህ እያለ የሚቀጣው ማንን ሆኖ ነው?»

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ጉታ ነው። «ኦቦ ደምሴ፣ አንድ አዛውንት አርፈውብናል። ቀብር ነገ ረፋድ ነው። ቁፋሮ በአዲስ አባል ይጀምራል፣ ልማዳችን ነው።»

ነገ እሑድ ነው። ትሎቼን በጣሳ አዘጋጅቼ አስቀምጫለሁ። ትንሽ አሰብኩና ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ።

«አዴ፣ ማዶ ቀብር ቆፍር ተብያለሁ፤ ላይ አገር ደመና አየሁ ልበል? ነገ መልካው የሚያሻግር አይመስለኝም። ወንዝ አይናቅም፤ ቢቀርብኝ ይሻላል።»

«ቆይ፣ ልይ» አሉ። ስልኩን እንደያዙ ሲወርዱ፣ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሲንሸራተት፣ ከዚያ ወንዙ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ልቤ ተስፋ አደረገ። አዋሽን በዕድሜዬ ሙሉ ሙላ ብዬ ለምኜው አላውቅም ነበር።

«ወርዷል» አሉ። «ከጠዋቱም ወርዷል። ሱሪህን ሳትጠቀልል ትሻገራለህ። አካፋ እንዳትረሳ።»