ድርሻዬን የበላው ማን ነው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው በጋ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ ያናድደኛል።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ እትዬ ሙሉ የሚባሉ የድሮ ጎረቤታችን አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት አሳደሱና ለእንግዳ በቀን ማከራየት ፈለጉ። ኢንተርኔት ላይ ማስተዋወቁን፣ እንግዳ መቀበሉን፣ አንሶላ መቀየሩን ሁሉ እኔ ያዝኩት። ክፍያው የሚገባው በእሳቸው የባንክ ሂሳብ ስለሆነ፣ ከየኪራዩ ሩቡን ሊሰጡኝ ተስማማን።

«ያንተን ድርሻ እንዴት ላድርግልህ?» ብለው ሲጠይቁኝ ይሉኝታ ያዘኝና «ኧረ እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉ!» አልኳቸው።

ጉድ የሠራችኝ ያቺ መልስ ናት።

እንጦጦ ጫካ ሊራመዱ የሚመጡ ፈረንጆች፣ ለሠርግ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ዘመዳሞች፣ ብቻ ቤቱ ባዶውን አያድርም። ለእኔ ግን ሳንቲም የለም። ይበልጥ የገረመኝ የእትዬ ሙሉ ፊት ነው። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ዓይኑን ይሰብራል፤ እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር ፈገግ ብለው «ተባረክ፣ አንተ ልጅ!» ይሉኛል። ምን ዓይነት ሴት ናቸው እያልኩ አጠናቸው ጀመር።

እናቴም ግራ አጋባችኝ። ሾላ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። የሱቋን ቆርቆሮ አስቀየረች፤ ስትፈራው የኖረችውን የጉልበት ሕክምናም ጀመረች። «ገበያው ደርቷል እንዴ?» ስላት «አንተ እያለህልኝ ምን እሆናለሁ!» ብላ ሳመችኝ። የእናት ወግ መስሎኝ አለፍኩት። እኔ እኮ መገናኛ የተከራየኋትን ክፍል መክፈል አቅቶኝ አከራዬ ልቀቅ ብለውኛል!

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ በመጨረሻ እትዬ ሙሉ ዘንድ ሄድኩ። እንግዳ የለቀቀውን የሰርቪሱን ቁልፍ እያስረከብኳቸው፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ «እትዬ፣ ያ የእኔ ነገር…» አልኩ።

«የቱ?»

«ድርሻዬ ነዋ።»

«እንዴ! ሾላ በርበሬ ልገዛ በወረድኩ ቁጥር ለእናትህ አይደል የምሰጣት? እርስዎ እንዳሉ አላልከኝም? ላጤ ገንዘቡ እናቱ ዘንድ ሲቀመጥ ነው የሚበረክትለት። ልጅሽ ላከልሽ ስላት እንዴት እንደምትመርቅህ ብታይ!»

ልቆጣ አማረኝ፤ ግን ምን ብዬ?

በማግስቱ ሾላ ወረድኩ። ብሩ የኔ እንደነበር ልነግራትና የተረፈ ካለም ልጠይቃት ቆርጬ ነበር። ገና ስታየኝ አጠገቧ ለምትሸጠው ሴትዮ፣ «ያ የነገርኩሽ ልጄ ይኸው። አንድም ቀን ስጠኝ ብዬው አላውቅም» አለቻት። ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጨበጠችኝ። ያሰብኩትን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ።

የመገናኛዋን ክፍል ለቅቄ ከጓደኛዬ ጋር ተዳብያለሁ። ከእትዬ ሙሉ ጋር ግን እንደገና ተነጋገርን። አሁን እንግዳው በወጣ ቀን የድርሻዬ ግማሽ በቀጥታ ወደ እኔ ይገባል፤ ግማሹ በፈቃዴ ሾላ ይሄዳል። ዛሬ ከማንም ጋር ስሠራ መቼና በማን እጅ እንደሚከፈለኝ ሳልናገር ቁልፍ አልቀበልም። ገንዘብ ወዳድ የሚለኝ ይበለኝ።

ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ብቻ ለሰው «ልጄ ነው የሚያሳክመኝ» ስትል ስሰማ አንገቴን መድፋት ትቻለሁ።