የቡላ ውሃና ግማሽ ጀሪካን

ሥራ በገባሁበት ቀን ፎርማኑ ቦቲ ጫማ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ረጅም መጥረጊያና አንድ መዝገብ ሰጠኝ። የፍሳሹ መግቢያ ጋ አቁሞ «ይሸትሻል?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ጥሩ። ትንሽ ቆይቶ አይሸትሽም። ያኔ አፍንጫሽን ትተሽ መዝገቡን እመኚ» አለኝ።

ከአረቅጥ ወደ ቡታጅራ አግብቼ የመጣሁ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ሥራውን ስጀምር ልጆቼ አድገው ነበር።

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያችን ትንሽ ናት። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ፍሳሽ መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ይረጋል። ቀጥሎ ጠጠር ላይ እየተንጠባጠበ አየር ያገኛል። በመጨረሻ ደንገል በተተከለበት የጠጠር መደብ ውስጥ አልፎ በቧንቧ ይወጣል። ከቧንቧው በታች የገበሬዎች ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ።

የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ይታያል። ሽታም የለውም። ኩሬው ግን አረንጓዴ ሆነ፤ ቆይቶ እንደ ምንጣፍ ሸፈነው። ከብቱ ቀርቦ ያሸትና ይመለሳል።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌ ከሰዎች ጋር መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። «ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ» አልኩ። አልተቀመጡም። «ላሞቻችን የናንተን ውሃ አንጠጣም ብለዋል። እኛ ብንታገሥ እነሱ አልታገሡም። ሦስት ጁምዓ እንጠብቃለን። ከዚያ ቧንቧችሁን በድንጋይ እንደፍነዋለን።» በማግስቱ ድንጋዩን አምጥተው ቧንቧው አፍ አጠገብ ከመሩት።

ቧንቧው ከተደፈነ ፍሳሹ ወደ ቤቶቹ ይመለሳል። ጣቢያዋም ትዘጋለች።

የጣቢያችን ኢንጂነር ሚኪያስ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የኔን የመጨረሻ ልጅ ያክላል። የመመርመሪያው ብልቃጥ ውስጥ ጠብታ ጨምሮ አሳየኝ። ውሃው ደማቅ ሮዝ ሆነ። «እትዬ አስካለ፣ ይሄ የጠራ ማዳበሪያ ነው። ናይትሬት ይባላል። ኩሬውን የሚያበቅለው እሱ ነው» አለኝ።

መደብ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ናይትሬቱን ይጨርሱታል፤ ግን አየር ማጣት አለባቸው፣ ምግብም ይፈልጋሉ። አየሩን ለማሳጣት የመውጫውን ኤልቦ፣ እንደ ክርን የታጠፈውን ቧንቧ፣ ወደ ላይ አዞርን፤ መደቡ እስከ አፉ በውሃ ተሞላ። ምግቡ ቸገረ። የሚገዛው ፈሳሽ ከከተማው አቅም በላይ ነበር።

«ቡላ ሲረጋ ከላይ የሚደፋው ውሃስ?» አልኩት። አላወቀውም። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ጭማቂው ይረጋል፤ ቡላው ከታች ይቀራል፤ የላዩ ውሃ ይደፋል። ውሻ እንኳ ሲልሰው አይቻለሁ።

ሊመረምረው ብልቃጡን ይዞ ወደ ጎረቤታችን ዘይነባ ጓሮ ገባ። ሴቶቹ ሥራቸውን አቆሙ። «ወዴት ነህ? እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይገባም» አለችው ዘይነባ።

«እኔ መሐንዲስ ነኝ።»

«መሐንዲስ ሴት ሆነ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። እኔ በብልቃጥ አመጣሁለት። መረመረና «በቀን አራት ጀሪካን፣ እያንዳንዱ እስከ ግማሽ። ከዚያ አይለፍ» አለ። ለዘይነባ እንደዚያው ነገርኳት። «እሺ» አለች።

በማግስቱ አራቱ ጀሪካኖች በአህያ መጡ። አራቱም እስከ አፋቸው ሞልተው ነበር።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በኛ ዘንድ ለጎረቤት ጎደሎ ዕቃ አይላክም። ግማሹን ብመልስ ደግሞ የሰጠችኝን መናቅ ነው። የሚደፋ ውሃ ምን ያደርጋል ብዬ ሁሉንም መደቡ ራስ ላይ ደፋሁት። መዝገቡ ላይ «አራት ጀሪካን፣ ግማሽ ግማሽ» ብዬ ጻፍኩ። የታዘዝኩት እሱን ነበር። በየቀኑ እንደዚያ ጻፍኩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሮዙ እየፈዘዘ መጣ። ሚኪያስ ደስ አለው። ሦስተኛው ጁምዓ ሁለት ቀን ሲቀረው ውሃው ጥቁር ሆኖ ወጣ። እኔ አልሸተተኝም። መንገድ ላይ የሚያልፉት አፍንጫቸውን ሲይዙ ነው ያወቅኩት።

ሚኪያስ መዝገቡን አገላበጠ። «መጠኑ ልክ ነው። እንግዲህ ጠጠሩ ተደፍኗል ማለት ነው። መደቡ ይቆፈር» አለና ለሎደር ስልክ ደወለ። መደቡ ከተቆፈረ ደንገሉ ያልቃል፤ እንደገና እስኪያድግ ከአንድ ክረምት በላይ ይፈጃል። ሐጂ ያን ያህል አይጠብቁም።

ሎደሩ በር ላይ ሲደርስ «አታስቆፍር» አልኩት። «ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።»

«የትኛው ቀን?»

«ሁሉም ቀን።»

መዝገቡን አየ፤ እኔን አየ። «እትዬ አስካለ፣ እኔ እኮ ይሄን አምኜ ነው» አለ። ሎደሩን መለሰው። ውሃውን ያጠቆረው የበሰበሰው ትርፍ ምግብ ነበር፤ መድፋቱን አቆምን፤ መደቡ አየር እንዲያገኝ ኤልቦውን ወደ ታች አዞርን።

ሐጂ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። «ጥፋቱ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእኔ።»

«የመሥሪያ ቤቱ አይደለም?»

«አይደለም። የእኔ ነው።»

«መሥሪያ ቤት ሁሉ ‹እናጣራለን› ነው የሚለኝ» አሉ። «አንድ ጁምዓ ጨምሬልሻለሁ። ድንጋዩ ግን ካለበት አይነሳም።»

በየጠዋቱ ብልቃጡን ያዝኩ። ጥቁረቱ ለቀቀ፤ ሮዙ ግን ተመለሰ። እንደገና መመገብ ነበረበት። ዘይነባን «ጎደሎ ላኪ» ማለት አልቻልኩም፤ እሷም አትችልም። ስለዚህ የጀሪካኖቹን ግማሽ የሚያክሉ አራት ትናንሽ ጀሪካኖች ወሰድኩላት። አየቻቸውና «መደባችሁ ጾም ያዘ?» አለችኝ። እስከ አፋቸው ሞልታ ላከች። ኤልቦውን መልሰን አነሣን፤ ከመድፋቴ በፊት እያንዳንዱን አየሁ፤ ያየሁትን ጻፍኩ።

በአራተኛው ጁምዓ ሐጂ መጡ። ኩሬው ገና አረንጓዴ ነበር። ከቧንቧው በመዳፋቸው ቀድተው አሸተቱ። ሚኪያስ ብልቃጡን አሳያቸው፤ ሮዙ ለዓይን እስኪያስቸግር ፈዞ ነበር። «የኩሬው ምንጣፍስ?» አሉ። «አሁን ያለውን በመንሽ እናውጣው። እንደ በፊቱ ቶሎ አይመለስም» አላቸው። ሰዎቻቸውን መንሽ አስመጡ። ሚኪያስም ሱሪውን ሰብስቦ ኩሬው ውስጥ ገባ።

ድንጋዩ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ነበር። ማንም አልነካውም።

ከኔ በኋላ መዝገቡን ለምትይዙ የምለው ይህን ነው። የታዘዘውን አትጻፉ። የመጣውን ጻፉ።